የባሌ ዳንሰኛ እግርና ቁርጭምጭሚት፦ በራስ ጡንቻ የሚያዝ ተለማጭነትን የማሳደጊያ መመሪያ

በባሌ ዳንስ «ያማረ እግር» የሚባለው የቅልጥሙ መስመር ቁርጭምጭሚት ላይ ሳይሰበር እስከ ጣቶቹ ጫፍ የሚወርድ፣ የእግሩ ጀርባም ጎበጥ ብሎ የሚታይ እግር ነው። ይህን ቅርጽ ቶሎ ለማግኘት ሲሉ ብዙ ተማሪዎች እግራቸውን በእጅ፣ በእንጨት መሣሪያ ወይም በጓደኛ ክብደት እየተጫኑ ያስገድዱታል። በመጨረሻ የሚያገኙትም በእጅ ሲገፋ በቀላሉ የሚታጠፍ፣ ከወለል ተነሥቶ አየር ላይ ሲዘረጋ ግን ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለስ እግር ነው። ዳንሰኛዋን መድረክ ላይ የሚያገለግላት የራሷ ጡንቻ የሚደርስበትና ይዞ የሚቆይበት የመታጠፍ መጠን ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ መመሪያ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የማፍታቻ ሥራዎች ከጡንቻ ሥራ ጋር ተጣምረው ቀርበዋል። ማፍታቻውን ብቻ ወስዶ የጡንቻውን ሥራ መተው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

በ1832 እ.ኤ.አ. ማሪ ታሊዮኒ በፓሪስ ኦፔራ መድረክ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ስትጨፍር የተጫማችው ጫፉና ጎኑ በክር ብቻ የተጠናከረ ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነበር። ዛሬ ጣቶችን አቅፎ የሚይዘው በጨርቅና በሙጫ የደረቀው የፑዋንት ጫማ (በጣት ጫፍ ለመቆም የሚጫሙት ጫማ) ሳጥን ያኔ አልነበረም፤ ውስጥ እግርን የሚደግፈው ጠንካራ ሶልም እንዲሁ። የተሸከማት አባቷና አስተማሪዋ ፊሊፖ ታሊዮኒ በከባድ ልምምድ ያጠነከረው የእግሯና የባቷ ጡንቻ ነበር። የዛሬው ጫማ ብዙ ይረዳል፤ ነገር ግን የደከመን እግር ብርቱ አያደርግም።

እግር የሚታጠፍባቸው ቦታዎች

ከቁርጭምጭሚት አንሥቶ እስከ ጣቶች ጫፍ ባለው የእግር ክፍል 26 አጥንቶችና 33 መጋጠሚያዎች ይገኛሉ። እግር ሲዘረጋ የምናየው ቅርጽ የእነዚህ ሁሉ ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ድምር ሲሆን፣ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቁርጭምጭሚት ነው። የአብዛኛው ሰው ቁርጭምጭሚት ወደ ታች የሚዘረጋው 50 ዲግሪ ገደማ ነው። በፑዋንት ጫማ ለመቆም ግን የእግር ጀርባ ከቅልጥም ጋር ቀጥ ያለ መስመር መሥራት ስላለበት፣ መላው እግር ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ መዘርጋት ይጠበቅበታል። ከቁርጭምጭሚት የጎደለውን የሚሞሉት በእግር መካከል ያሉት ትናንሽ መጋጠሚያዎች ናቸው፤ ተማሪዎች ጣቶቻቸውን እየጨበጡ ቅርጹን ለማምጣት የሚታገሉትም አብዛኛውን ጊዜ ይህን የመካከለኛውን ክፍል ማንቀሳቀስ ሳይለምዱ ሲቀሩ ነው።

በቁርጭምጭሚት ውስጥ ታለስ የተባለ አጥንት ከላይ በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ጫፍ ታቅፎ ይቀመጣል። ታለስ ላይ አንድም ጡንቻ አይጣበቅም። የሚንቀሳቀሰው በዙሪያው ያሉት አጥንቶች ሲገፉት፣ ቦታውን የሚጠብቀው ደግሞ በጅማቶች ተይዞ ነው። የላይኛው ገጹ ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ነው። ስለዚህ ዳንሰኛዋ ፕሊዬ ስትወርድ፣ ማለትም ተረከዟን ሳታነሣ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ስትል፣ ሰፊው ክፍል በአጥንቶቹ መካከል ገብቶ መጋጠሚያው ይጠብቃል። ተረከዟን ስታነሣ ደግሞ ጠባቡ ክፍል ስለሚገባ መጋጠሚያው ይላላል፤ በውጭ በኩል ያለው ጅማትም ይወጠራል። ወለምታ ዳንሰኞችን ከሚያጋጥሟቸው ድንገተኛ ጉዳቶች ሁሉ በብዛት የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመዘርጋት አቅሟን የምታሳድግ ዳንሰኛ ከቁርጭምጭሚቷ ጎንና ጎን ያሉትን ጡንቻዎችም በዚያው ልክ ማጠንከር ያለባት በዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ቦታ የአውራ ጣት ሥር ነው። በደሚ ፑዋንት፣ ማለትም ተረከዝ በሙሉ ተነሥቶ ክብደቱ በጣቶችና በጣቶች ሥር ላይ ሲያርፍ፣ ይህ መጋጠሚያ ወደ 90 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ መታጠፍ ይፈለግበታል። አውራ ጣቷ የማይታጠፍላት ዳንሰኛ ክብደቷን ሳታውቀው ወደ ትንሿ ጣት ትገፋለች፤ ቁርጭምጭሚቷም አብሮ ወደ ውጭ ይጣመማል። ከቁርጭምጭሚት መጥቷል ተብሎ የሚታከም ችግር ሥሩ አውራ ጣት ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሥራ ከመጀመር በፊት መለካት

ወለል ላይ አንድ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡና ያለ እጅ እርዳታ አቅምዎ እስከቻለ ድረስ ወደ ታች ይዘርጉት። ረዘም ያለ እርሳስ ወይም ማስመሪያ በቅልጥም አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ በርዝመቱ ያጋድሙና ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ወደ እግር ጀርባ እንዲዘልቅ ያድርጉ። እርሳሱ ቅልጥም ላይ እንደተኛ ቁርጭምጭሚቱን ካለፈ ለፑዋንት የሚበቃ መዘርጋት አለ ማለት ነው። የእግሩ ጀርባ እርሳሱን ገፍቶ ከቅልጥም ካነሣው ገና ይቀራል። ቀጥሎ ያንኑ እግር በእጅዎ ቀስ ብለው እስከሚሄድበት ይግፉትና እርሳሱን ደግመው ያስቀምጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉም በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የጎደለው ተለማጭነት ሳይሆን ጥንካሬ ነው፤ እንዲህ ያለችው ዳንሰኛ ተጨማሪ መጫን ሳይሆን በጡንቻ መያዝን ትለማመድ። ሁለቱም እኩል አነስተኛ ከሆኑ ግን ማፍታቻው በእርግጥ ያስፈልጋታል።

ወደ ላይ የመታጠፍ አቅም የሚለካው በግድግዳ ነው። በባዶ እግር ወደ ግድግዳ ፊትዎን አዙረው፣ አውራ ጣትዎን ከግድግዳው ትንሽ አርቀው ይቁሙ፤ ተረከዝዎ ከወለል ሳይነሣና ውስጥ እግርዎ ሳይዘም ጉልበትዎን አጥፈው ግድግዳውን ያስነኩ። ከቻሉ እግርዎን ወደ ኋላ እያራቁ ይቀጥሉ። ጉልበት ግድግዳውን መንካት በሚችልበት የመጨረሻ ቦታ ላይ በአውራ ጣትና በግድግዳው መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በብዙ ካነሰ፣ ወይም ግራና ቀኝ በግልጽ ከተለያዩ፣ ፕሊዬው ጥልቀት ያጣል፤ ከዝላይ ሲወረድም ድንጋጤውን ቁርጭምጭሚት መቀበል ስለማይችል ወደ ጉልበትና ወደ ቅልጥም ይተላለፋል። በልጅነታቸው ቁጢጥ ብለው መቀመጥን የለመዱ ሰዎች በዚህ መለኪያ ብዙ ጊዜ አይቸገሩም፤ ተረከዝን ከወለል ሳያነሡ ቁጢጥ ማለት የሚከብዳት ተማሪ ግን የባት ጡንቻዋ እንደጠበበ ይህን ብቻ አይታ መገመት ትችላለች።

አንድ ሌላ ፍተሻ ይቀራል፤ ብዙ መምህራን ስለሚዘሉት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው። አውራ ጣትን ወደ ታች የሚያጥፈው ረጅም ጡንቻ መነሻው ከባት በስተጀርባ ነው። ጅማቱ ከታለስ ኋላ ባለች ጠባብ ቦይ አልፎ፣ በውስጥ እግር ሥር ተጉዞ አውራ ጣት ጫፍ ላይ ይታሰራል። ዳንሰኛ ከፕሊዬ ወደ ረለቬ፣ ማለትም ተረከዟን አንሥታ በጣቶቿ ሥር ላይ ወደ መቆም፣ በተነሣች ቁጥር ይህ ጅማት በቦይዋ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የዳንስ ሐኪሞች «የዳንሰኛ አኪሊስ» ብለው የሚጠሩትም ሸክሙ አኪሊስ ከሚባለው ከተረከዝ ጅማት ሸክም የማያንስ በመሆኑ ነው። ለመፈተሽ እግርዎን ወደ ታች ዘርግተው አውራ ጣትዎን በእጅዎ ወደ ላይ ያንሡት፤ በቀላሉ ይነሣል። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትዎን እንደ ፕሊዬ ወደ ላይ አጥፈው ያንኑ ጣት ያንሡት። በመጀመሪያው አቋም በነፃ ይነሣ የነበረው ጣት በሁለተኛው ድርቅ ካለ፣ ጅማቱ ጠቧል ወይም በቦይው ውስጥ እየተያዘ ነው። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ ሕመም ወይም የመንቋቋት ስሜት ካለ ደግሞ ማፍታቻውን ትተው ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ።

የሚያስቆመው ጡንቻ ነው ወይስ አጥንት?

እግርዎን በእጅ ወደ ታች ሲዘረጉ ስሜቱ የት እንደሚገኝ ልብ ይበሉ። ከፊት፣ በእግር ጀርባና በቅልጥም ላይ መወጠር ከተሰማዎት የሚያግደው ለስላሳ አካል ነው፤ በትዕግሥት ሊፈታ ይችላል። ከኋላ፣ ከተረከዝ በላይ የመቆንጠጥ ስሜትና ድንገተኛ መቆም ካለ ግን አጥንት ከአጥንት ጋር እየተገናኘ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች በታለስ ጀርባ በልጅነት መዋሃድ የነበረበት ትንሽ አጥንት ሳይዋሃድ ተለይቶ ይቀራል፤ ኦስ ትራይጎነም ይባላል። ለማንኛውም ሰው ምንም ላይሆን የሚችለው ይህ አጥንት፣ እግሯን በቀን መቶ ጊዜ የምትዘረጋ ዳንሰኛን በቅልጥም አጥንትና በተረከዝ መካከል እየተጨመቀ ያሳምማታል። ይህን የሚያሳየው ራጅ ነው። አጥንት ያቆመውን እግር በመጫን ማስረዘም አይቻልም፤ መጫኑ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያሳብጣል እንጂ።

ማሟሟቅ

በቀዘቀዘ እግር ላይ ማፍታቻ አይሠራም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቀላል ሶምሶማ ወይም ገመድ ሳይይዙ በዝግታ መዝለል ሰውነትን ላብ እስኪያስጀምረው ድረስ ይሠራል። ከዚያ ቁርጭምጭሚትን በሁለቱም አቅጣጫ በሰፊው ማዞር፣ ጣቶችን መበታተንና መሰብሰብ፣ በሁለት እግር ቀስ ብሎ ተረከዝ ማንሣትና ማውረድ ይበቃል። የቴኒስ ኳስ በውስጥ እግር ሥር አድርጎ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ማንከባለልም እግሩን ለሥራ ያዘጋጃል። ከክፍል ወይም ከትርኢት በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ወጥሮ መያዝ ለጊዜው ጉልበቱን ስለሚቀንሰው፣ ረዘም ያሉት ማፍታቻዎች ከልምምድ በኋላ፣ ሰውነት ገና እንደሞቀ መሠራት አለባቸው።

ሴራሚክ በተነጠፈበት ወይም ሲሚንቶ ወለል ባለበት ቤት የምትለማመድ ተማሪ የማፍታቻና የላስቲክ ሥራዋን በቤቷ ትሥራ፤ ዝላይን ግን ከሥሩ በእንጨት ተነሥቶ ለተሠራ የዳንስ ወለል ታስቀምጠው።

እግርን ወደ ታች መዘርጋት

ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ ያሳርፉ። በአንድ እጅ ተረከዝን ከሥሩ ይቀፉና ወደ ባት በኩል ወደ ላይ ይሳቡት። ሌላውን እጅ የእግር ጀርባ ላይ ያድርጉ፤ ጣቶች ላይ ግን አያድርጉ። በዚህ እጅ የእግሩን ጀርባ ወደ ታች ከመጫን ይልቅ ወደ ፊት፣ ከቅልጥም እንዲርቅ አድርገው ያስረዝሙት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እጃቸውን ጣቶች ላይ አድርገው ይጫናሉ። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በጣቶች ሥርና በእግር መካከል ባሉ ደቃቅ ጅማቶች ላይ ሲሆን፣ ቁርጭምጭሚት ከነበረበት አይነቃነቅም። 30 ሰከንድ ይያዙ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። እጆችዎን ቀስ አድርገው ያንሡና እግሩ እጅዎ ባደረሰው ቦታ ላይ በራሱ ጡንቻ ለ5 ሰከንድ እንዲቆይ ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ ወዲያው ይመለሳል፤ ባት ወይም ውስጥ እግርም ሊሸማቀቅ ይችላል። ቢሸማቀቅ ጣቶችን ወደ ላይ ስበው ያስለቅቁትና እንደገና ይጀምሩ። መሸማቀቁ ብዙውን ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን ትቶ ጣቶችን የመጨበጥ ልማድ ምልክት ስለሆነ፣ ጣቶቹ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሆነው ሳለ መዘርጋቱ ከተረከዝ በላይ እንዲጀምር ይጣሩ። በእጅ መያዝና በጡንቻ መያዝን እያፈራረቁ ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይድገሙ። በእርሳሱ ፍተሻ ያዩት ልዩነት የሚጠበው በዚህ ነው።

ሌላው አመቺ አቋም ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ነው። የሁለቱም እግሮች ጀርባ ወለሉ ላይ ይዘርጋ፤ ተረከዞች ወደ ውጭ አይበተኑ፣ ጣቶችም ወደ ውስጥ አይጠማዘዙ። እጅዎን ከጎን አስደግፈው ጉልበቶችዎን ከወለል ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ሲያነሡ የእግር ጀርባ ይወጠራል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በቂ ነው። ጉልበት የሚያማት ዳንሰኛ ይህን አቋም ትዝለለው፤ ከቁርጭምጭሚት ኋላ መቆንጠጥ የሚሰማትም እንዲሁ።

ከዚህ በኋላ የመለማመጃ ላስቲክ ይያዙ። እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ ላስቲኩን በጣቶችና በጣቶች ሥር ላይ አዙረው ጫፎቹን በእጅዎ ይሳቡ፤ ተረከዝ ወለሉን እንዳይሻሽ ከባት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ። ጣቶች ገና ወደ ላይ እንደተሳቡ በመጀመሪያ ቁርጭምጭሚትን ብቻ ይዘርጉ፤ ቀጥሎ የእግሩን መካከል፤ በመጨረሻ ጣቶችን። ሲመለሱ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ጣቶች መጀመሪያ፣ ቁርጭምጭሚት መጨረሻ። እያንዳንዱን ጉዞ በዝግታ እስከ አራት እየቆጠሩ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ይሥሩ። በታንዱ፣ ማለትም እግር ከወለሉ ሳይነሣ ተንሸራቶ በሚዘረጋበት እንቅስቃሴ፣ ጊዜ እግር ወለሉን እየጠረገ የሚያልፈው በዚሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ በላስቲክ በትክክል የሠራች ተማሪ የመለማመጃውን አግዳሚ እንጨት ይዛ ስትቆም ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለች። እግሩ በሙሉ መንገድ ከቅልጥም ጋር ቀጥ ይበል፤ ወደ ውስጥ መቆልመም መስመሩን ከማበላሸቱም በላይ በውጭ በኩል ያለውን ጅማት ለወለምታ ያጋልጣል።

ውስጥ እግርና አውራ ጣት

በውስጥ እግር ያሉት አጫጭር ጡንቻዎች የእግሩን ቅስት የሚይዙ ናቸው። ተቀምጠው እግርዎን ወለል ላይ ያሳርፉ፤ ጣቶች ቀጥ እንዳሉ ወለሉን ይንኩ፤ ከዚያ ጣቶችን ሳይጨብጡ የጣቶችን ሥር ወደ ተረከዝ በመሳብ የእግሩን መካከል እንደ ድንኳን ከፍ ያድርጉት። 5 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ እስከ 10 ጊዜ ይድገሙ። ለጀማሪ ምንም የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ተስፋ ሳይቆርጡ መቀጠል ይገባል፤ ጣቶችን ጨብጦ የሐሰት ቅስት ከመሥራት በትክክል የተሠራ አነስተኛ እንቅስቃሴ ይበልጣል። ሲለመድ ቆሞ፣ ቀጥሎም በአንድ እግር ቆሞ ይሠራል።

ለአውራ ጣት ቀሪዎቹን አራት ጣቶች ወለል ላይ አስቀርቶ እሱን ብቻ ማንሣት፣ ቀጥሎም እሱን አስቀርቶ አራቱን ማንሣት ይለማመዱ። ጣቱን በእጅ ወደ ላይ ሲያፍታቱ ከሥሩ ባለው አጥንት ይያዙት እንጂ ጫፉን ይዘው አይገልብጡት። ከላይ የተገለጸው የአውራ ጣት ረጅም ጅማት የጠበበባት ዳንሰኛ ደግሞ አውራ ጣቷን በቀጭን መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ ተረከዟን ወለል ላይ እንዳስቀመጠች ቀስ ብላ ወደ ፕሊዬ ትውረድና ትነሣ። በአንድ ቦታ ወጥሮ ከመቆየት ይልቅ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ለዚህ ጅማት የተሻለ ነው።

የባት ጡንቻ

የባት ጡንቻ ሁለት ድርብ ሲሆን፣ ላይኛው ከጉልበት በላይ፣ ታችኛው ከጉልበት በታች ይጀምራል፤ ሁለቱም በተረከዝ ጅማት ይጠናቀቃሉ። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፈው አንዱን እግር ወደ ኋላ አርቀው ሲያፍታቱ አንድ ጊዜ ጉልበትን ቀጥ አድርገው፣ ሌላ ጊዜ ጉልበትን አጥፈው መሥራት አለብዎት። ፕሊዬን የሚያጠልቀው በተለይ ሁለተኛው ነው። ጣቶች በቀጥታ ወደ ፊት ይመልከቱ፤ ባሌ ውስጥ እንደሚደረገው እግርን ወደ ውጭ አዙሮ ማፍታታት ውስጥ እግር እንዲዘም ስለሚያደርግ ባቱ ሳይነካ ይቀራል። ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ።

ጥንካሬው የሚገኘው በረለቬ ነው። አግዳሚ ወይም ወንበር ይዘው፣ ሁለቱን ተረከዞች አቀራርበው በመካከላቸው የቴኒስ ኳስ ያስገቡ። ሁለት እየቆጠሩ ይውጡ፤ አራት እየቆጠሩ ይውረዱ። ኳሱ ከወደቀ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውጭ ተጣሟል ማለት ነው። ክብደቱ በአውራ ጣትና በሁለተኛዋ ጣት ሥር ይረፍ። በሁለት እግር ሲቀል ወደ አንድ እግር ይሸጋገሩ፤ ከፍታው ሳይቀንስ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ በአንድ እግር 20 ጊዜ ያህል መውጣትና መውረድ ያልቻለች ተማሪ ለፑዋንት ጫማ ገና ናት። እንደ ሚዛን መጠበቂያ ደግሞ በአንድ እግር ቆሞ ዓይንን ጨፍኖ 30 ሰከንድ መቆየት፣ እንዲሁም ላስቲክ በሁለቱ እግሮች ላይ አስሮ ከቁርጭምጭሚት ብቻ እግርን ወደ ውጭ መግፋት የውጭውን ጡንቻ ያጠነክራሉ። እነዚህ ሁለቱ ቀላል ቢመስሉም ወለምታን የሚከላከሉት እነሱ ስለሆኑ አይተዉ።

መደረግ የሌለባቸው

ሶፋ ወይም ፒያኖ ሥር ጣቶችን አስገብቶ ጉልበትን ማቃናት፣ ጓደኛን እግር ላይ ማስቀመጥ፣ በእንጨት መዘርጊያ እግርን አስሮ ረጅም ጊዜ መቆየት ሁሉም አንድ ጉዳት አላቸው፤ ኃይላቸው ከዳንሰኛዋ ቁጥጥር ውጭ ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት አንዴ ከመጠን በላይ ከተለጠጠ እንደ ጡንቻ ተመልሶ አይሰበሰብም። በሕፃናት ላይ ደግሞ የአጥንት ማደጊያው ክፍል ገና ልም ስለሆነ አደጋው ይከፋል። ልጃቸውን ባሌ የሚያስተምሩ ወላጆች በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ እንዲያስቆሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ መምህር ያዘዘው ቢሆን እንኳ።

በተፈጥሮ መጋጠሚያቸው የላላ ተማሪዎችም አሉ። ክርናቸውና ጉልበታቸው ወደ ኋላ የሚያልፍ፣ የእጃቸው አውራ ጣት የክንዳቸውን ውስጥ የሚነካ፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ መዳፋቸውን ወለል ላይ የሚያነጥፉ ናቸው። እግራቸው የሌላው ተማሪ ምኞት ስለሆነ ማንም የሚጨነቅላቸው የለም፤ ሆኖም ፑዋንት ላይ ሲወጡ ከሳጥኑ አልፈው ወደ ፊት የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ከላይ ካለው ውስጥ ማፍታቻውን በሙሉ ትተው የላስቲኩን፣ የውስጥ እግሩን፣ የረለቬውንና የሚዛኑን ሥራ ብቻ ይውሰዱ።

ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ፑዋንት ከ12 ዓመት በፊት እንዳይጀመር፣ እግራቸው የላላ ተማሪዎችም እስኪጠነክሩ እንዲዘገዩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚማሩት ደግሞ ባይጀምሩት እንደሚሻል ይመክራል። በሳምንት ሁለት ቀን የምትማርና ሌላ ችግር የሌለባት ልጅ በአራተኛው የትምህርት ዓመቷ ልትጀምር ትችላለች።

ሳምንታዊው አሠራርና ሕመም ሲመጣ

ረጅሙን ማፍታቻ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ከክፍል በኋላ፣ የውስጥ እግሩንና የሚዛኑን ሥራ በየቀኑ፣ የላስቲኩንና የአንድ እግር ረለቬውን አንድ ቀን እያለፉ ይሥሩ። በየአራት ሳምንቱ እርሳሱንና ግድግዳውን መልሰው ይለኩ። ለውጡ በወራት እንጂ በቀናት አይታይም፤ በየቀኑ የምትለካ ተማሪ ትዕግሥቷን አጥታ ወደ መጫን ትመለሳለች። ለስላሳ የመወጠር ስሜት ደህና ነው። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ በማግሥቱ የሚቆይ እብጠት ወይም አጥንት ላይ በጣት ሲነካ የሚያም አንድ ነጥብ ካለ ግን ሥራው ይቁም።

ወለምታ ሲያጋጥም በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። የተበጠሰ ወይም የተለጠጠ ጅማትን ገና ትኩስ ሳለ ማሸትና መሳብ ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያባብሳል፤ ስብራት ካለም ያፈናቅለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩን በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማሳረፍ፣ ሕመሙን ለማስታገስ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአጭር ጊዜ ማድረግ ይበቃል። አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጀርባ ወይም ጫፍ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል። እብጠቱ ሲቀንስ ሥራው የሚጀመረው ከማፍታቻ ሳይሆን ከሚዛንና ከላስቲክ ነው። የተጎዳው እግር የግድግዳውን ፍተሻ፣ የ20ውን ረለቬና ዓይን ጨፍኖ መቆምን ከደህናው እግር እኩል እስኪሠራ ድረስ ዳንሰኛዋ ወደ ዝላይም ሆነ ወደ ፑዋንት ጫማ መመለስ የለባትም።